ለእታለም፣ ከማይን ወንዝ ዳር

ፍራንክፈርት አም ማይን
ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለም

ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ?

ባለፈው በስልክ «በዓል በመጣ ቁጥር ብቻህን መሆንህ ትዝ ሲለኝ እህሉ አልዋጥ ይለኛል» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልጠፋም። ያን ዕለት ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የምለውን ሳልል ቀረሁ። አሁን ትምህርት እስኪጀመር ጥቂት ቀን አለኝ። ስለዚህ ዘንድሮ በጋውን እንዴት እንዳሳለፍኩ፣ ከማን ጋር እንደዋልኩ፣ ምን እንደበላሁ ሳይቀር ልጽፍልሽ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ያ ሐሳብ እንዲቀልልሽ እፈልጋለሁ።

እናንተ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሰዉን ቤት ያስገባዋል። እዚህ ደግሞ ያስወጣዋል። በሰኔ ፀሐይዋ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል አትጠልቅም፤ የብርዱን ወራት በየቤቱ ተዘግቶ የከረመው ሰው ሁሉ ጎዳና ላይ ነው። በደረጃ ላይ እየተገናኘን እንኳ ሰላምታ የማይሰጡኝ ጎረቤቶቼ በበጋ ቆም ብለው ስለ አየሩ ያጫውቱኛል። በዓሉም በያይነቱ ነው፤ የሰፈር በዓል አለ፣ የወንዝ በዓል አለ፣ የጫካ በዓል አለ፣ የወይን ጠጅ በዓል አለ።

ማታ ማታ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ እንደማስተምር ታውቂያለሽ። ጀርመኖች ከጎንደር ሰው እንግሊዝኛ ይማራሉ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ይማራሉ፤ ደግሞም አክብረው ይማራሉ። በክፍሌ ውስጥ ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር አለ፤ የልጅ ልጆቹ ካናዳ ስለሚኖሩ ከነሱ ጋር ለመጨዋወት ነው የሚማረው። የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ጥቂት ብቻ ተኝታ የምትመጣ ነርስ አለች። ዳቦ ቤት ያላቸው እናትና ልጅም አሉ። ክፍል ውስጥ ቁጥቦች ናቸው። ስሕተት እንዳይናገሩ ስለሚፈሩ አንዷን ዓረፍተ ነገር በአፋቸው ውስጥ ደጋግመው አገላብጠው ነው የሚያወጧት። ሐምሌ ላይ ትምህርቱ ሲዘጋ ግን ወረፋው የኔ ይሆናል። «እስከ አሁን አንተ አስተማርከን፤ አሁን እኛ እናስተምርህ» ብለው በየበዓሉ ይዘውኝ ይዞራሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ የቦርንሃይምን ልንገርሽ። ቦርንሃይም ድሮ ራሱን የቻለ መንደር ነበር፤ ከፍራንክፈርት ጋር የተቀላቀለው በ1877 እ.ኤ.አ. ነው። የሰፈሩ ሰዎች ግን ዛሬም መንደራቸውን አልረሱም። በየዓመቱ በኛ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ «ኬርብ» የሚሉትን በዓል ያከብራሉ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ቤተ ክርስቲያናቸው የተባረከበት ቀን መታሰቢያ ነው አሉኝ፤ ቅዳሴ ቤት ማለት ነው እንግዲህ! ከ1608 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲከበር የኖረ ነው። አፄ ሱስንዮስ በነገሡ ሰሞን፣ ጎንደር ከመቆርቆሯ 28 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ረጅም ዛፍ በአበባ ጉንጉንና በሪባን አስጊጠው ያቆማሉ። ሊዝቤት የሚሏት ትልቅ አሻንጉሊትም አለቻቸው፤ እሷ ከሌለች በዓሉ በዓል አይደለም። ዛሬ ከዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ቢራና ዘፈን ብቻ ሊመስለው ይችላል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ዛፉ ሲቆም ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

የትራም ሹፌሩ ዋዜማውን ከቀትር በኋላ ደውሎ «ና፣ እጅ ያስፈልገናል» አለኝ። ሄድኩ። በጭነት መኪና ሙሉ ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር መጥቷል፤ እግሩ የሚታጠፍ፣ ጀርመን አገር በየበዓሉ የማይጠፋ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነው። ማጠፊያው ላይ አንዲት ብረት አለች። እሷን በአውራ ጣት ጫን ብለሽ ሳትይዢ ከዘረጋሽው ጣትሽን ነው የሚቆነጥጥሽ። ሰውዬው እጄን ይዞ አሳየኝ፤ «እዚህ ጋ ተጫን፣ አሁን ልቀቅ» እያለ፣ ልክ እኔ ክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛ ድምፅ ሳስጠናው እንደምታገሠው ታገሠኝ። ከዚያ በአንድ በኩል እሱ፣ በአንድ በኩል እኔ፣ እየተሸከምን መንገዱን ሞላነው። ማንም «ከየት ነህ?» ብሎ አልጠየቀኝም። የማላውቃቸው ሰዎች «ያንን ወዲህ፣ ቀጥ አድርገው፣ ትንሽ ሳብ» ይሉኛል፤ እኔም እላቸዋለሁ። ማታ በዓሉ ሲጀመር ከተሸከምኳቸው አግዳሚዎች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ። እታለም፣ በዚህ አገር ስኖር እንደዚያ ተደላድዬ የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ያም አላስቸገረኝም። ነርሷ ጾም መሆኔን ስለምታውቅ የተጠበሰ በቆሎ «ያለ ቅቤ ስጡት» ብላ ለብቻ አስጠበሰችልኝ። ነሐሴ ላይ የበቆሎ እሸት መጋጥ ምን እንደሚያስታውሰኝ ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ሌሎቹ የሚጠጡት የከተማውን መጠጥ ነው፤ ከፖም የሚጠመቅ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ግራጫ መልክ ባለው፣ ሰማያዊ ሥዕል በተሳለበት የሸክላ ማሰሮ የሚቀርብ። ማሰሮው «ቤምብል» ይባላል። ጠረጴዛው መሐል ይቀመጥና አንዱ ለሌላው ይቀዳል። የራሱን ብቻ የሚቀዳ የለም፤ ይህን ስታዪ ደስ ይልሻል።

ያን ማታ አባባ ስለ መምህሩ የሚነግረን ታሪክ መጣብኝ። ታስታውሺዋለሽ? የሰላም ጓድ አሜሪካውያን መምህራን መጀመሪያ የገቡት በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፣ በየጠቅላይ ግዛቱም ተበተኑ። አባባን እንግሊዝኛ ያስተማረው ከነሱ አንዱ ነው። በቡሄ ዕለት አያታችን ቤት ተጠርቶ ሲመጣ ወንበር ተሰጠው፤ ጠላ ቀረበለት፤ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ እሱ እያጨበጨበ ያያል። አባባ ያኔ ልጅ ነው። መምህሩ ፊት ላይ አንድ ነገር አየና ተነሥቶ ጅራፉን እጁ ላይ አስያዘው። አያታችን «እንግዳ እንዴት ታደክማለህ!» ብላ ተቆጣች። ሰውየው ግን እስኪመሽ ድረስ ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ ሲያጮህ ዋለ። አባባ ይህን በነገረን ቁጥር «ወንበሩ ላይ እያለ ፈረንጅ ነበር» ይል ነበር። ከዚያ የሚቀጥለውን አይነግረንም፤ እኛም አንጠይቀውም። ቦርንሃይም ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ምን ማለቱ እንደነበረ በደንብ ገባኝ። እኛ እንግዳ እናከብራለን፣ ይህ የሚያኮራ ነው። ግን አክብረን ወንበር ላይ ስናስቀምጠው እዚያው ሊቀር ይችላል። ብቸኝነት የሚለቀው ሥራ የተሰጠው እንግዳ ነው።

ይህንን አብሮኝ ለሚያስተምር አንድ አየርላንዳዊ ስነግረው በጣም ነው የተደነቀው። እሱ ወጣት ሳለ ጃፓን ገጠር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምሯል። የጃፓን መንግሥት ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከየአገሩ ወጣቶችን እየጠራ በየትምህርት ቤቱ ይመድባል፤ በዚያ ነው የሄደው። የእነሱም የበዓል ወቅት በጋ ነው። የመንደሩ ሴቶች ዩካታ የሚሉትን ቀጭን የበጋ ልብስ አለበሱት፤ እሱ የቀኙን ከላይ አድርጎ ሊደርበው ሲል ሁሉም ጮኹ። እንደዚያ የሚለብሰው ሬሳ ነውና። አስተካክለው የግራውን ከላይ አደረጉለት፣ መቀነቱንም ራሳቸው አሰሩለት። ቀጥሎ ወንዶቹ ወሰዱት። ሚኮሺ የሚባል የመቅደስ አምሳያ አላቸው፤ በወፋፍራም እንጨት ላይ ተደርጎ ብዙ ሰው በትከሻው ተሸክሞት እየጮኸ መንደሩን ያዞረዋል። ከእንጨቱ ሥር አስገቡት። «ትከሻዬ ለሳምንት ሲያብጥ ሰነበተ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሱቅ ስገባ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ» አለኝ። ለኛ ታቦት መሸከም ለካህን ብቻ መሆኑን ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና «እናንተስ ምን ትይዛላችሁ?» አለ። ዘንባባ፣ ምንጣፍ፣ ከበሮ፣ ጧፍ አልኩት። ለካ የሚያዝ ነገር የሚጠፋበት ሰው የለም።

ኦቦን የሚባል በዓላቸውንም አጫወተኝ፤ በብዙ ቦታ በፈረንጆቹ ኦገስት አጋማሽ የሚውል ነው። የሞቱ ዘመዶች ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ቀን ነው ብለው ያምናሉ። መቃብር ያጸዳሉ፣ ማታ በክብ ሆነው ይጨፍራሉ፣ በአንዳንዱ ቦታ ደግሞ መብራት ወንዝ ላይ ለቅቀው ሙታናቸውን ይሸኛሉ። የኛ እምነት አይደለም። ሆኖም እማዬ ካረፈች ወዲህ የፍልሰታን ሰሞን እንዴት እንደምትውዪው ስለማውቅ፣ አንቺን እያሰብኩ ነበር የሰማሁት።

ሌሎቹን በአጭሩ ልንገርሽ። ዘንድሮ ፋሲካችን ከነሱ ጋር ሚያዝያ 12 ስለዋለ ጰራቅሊጦስም ሰኔ 1 ገጠመ። በሳልስቱ ማክሰኞ ፍራንክፈርት በሙሉ ወደ ከተማው ጫካ ይወርዳል። ድሮ ዕለቱን ከቀትር በኋላ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ይዘጋ ነበር፤ አሁን ያ ልማድ ቀርቷል፣ ሰዉ ግን ከሥራ ሲወጣ ይጎርፋል። ደግሞም በአውሮፓ ያለን ኢትዮጵያውያን በየበጋው አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበን የምናደርገው የእግር ኳስና የባህል በዓል አለ፤ እሱ ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል።

የማይን ወንዝን በዓል ግን ዘልዬው አላልፍም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር። ሮመርበርግ የሚባለው የድሮው አደባባይ መሐል የፍትሕ ምንጭ አለ፤ በላዩ ሚዛንና ሰይፍ የያዘች ሴት ቆማለች፣ እንደሌላው አገር ዐይኗ አልተሸፈነም። በበዓሉ መክፈቻ ከምንጩ ውኃ ሳይሆን ወይን ጠጅ ይፈሳል! ነገሩ የመጣው ከንግሥ ነው። ከ1562 እስከ 1792 እ.ኤ.አ. የሮማ ቅዱስ ግዛት ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑት አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ነበር። ያን ዕለት አደባባዩ ላይ ሙሉ በሬ ይጠበሳል፣ ምንጩ ወይን ያፈሳል፣ ሕዝቡም እየተጋፋ ይካፈላል። ገጣሚው ጎተ የተወለደው በዚሁ ከተማ ነው፤ በ1764 የዮሴፍ ሁለተኛን ንግሥ በ14 ዓመቱ አይቶ በኋላ ስለሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ተርኮታል። እኔ በብርጭቆ ጥቂት ደርሶኝ ቀመስኩና ፋሲል ግቢ ውስጥ የሚጣለው ግብር ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ጀመርኩ። ንጉሥና በሬ፣ ሕዝብና ግፊያ፤ ከኛ ብዙም የሚለይ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ቡሄ። ነሐሴ 13 ማክሰኞ ስለዋለ ልጆቹ እንዲመቻቸው ወደ ቅዳሜ አዞርነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የማስተምራቸው እዚህ የተወለዱ ልጆች ናቸው። ልጥ ስለሌለ ገመድ ገዝተን፣ ከያዣው ወፈር ከጫፉ ቀጠን አድርገን ጅራፍ ገመድን። ሜዳው ላይ እሳት ማንደድ ስለማይፈቀድ ችቦው ቀረ። ትልቁ ችግር ግን ቤት ነበር። ቡሄ ቤት ለቤት ካልተዞረ ምን ቡሄ ነው? እዚህ ደግሞ የማያውቁትን ሰው ደወል መደወል አይቻልም። ያኔ የእንግሊዝኛ ተማሪዎቼን ጠራኋቸው። ኒዳ የምትባለው ትንሽ ወንዝ ዳር ሣሩ ላይ እየተራራቁ ምንጣፋቸውን አነጠፉ፤ እያንዳንዱ ምንጣፍ አንድ ቤት ሆነ። ባለቤቶቹም «ማን ነው?» ማለትን፣ ሙልሙሉን መስጠትን፣ ምርቃቱን ቆመው መቀበልን አስጠናኋቸው። ዳቦ ቤት ያላቸው እናትና ልጅ ሙልሙሉን ራሳቸው ጋግረው መጡ።

ልጆቹ ከምንጣፍ ወደ ምንጣፍ እየዞሩ ሆያ ሆዬ አሉ። ክፍል ውስጥ አማርኛ ተናገሩ ሲባሉ የሚያፍሩት ልጆች ናቸው ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ የጮኹት። የትራም ሹፌሩ ምርቃቱ ሲወርድለት ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ትርጉሙን አልጠየቀኝም። ነርሷ ጅራፉን ተቀብላ ደጋግማ ሞከረች፤ በመጨረሻ ጯ! ሲል ልጆቹ ሁሉ ዘለሉ። እኔም ከዳር ሆኜ አባባን አሰብኩ።

ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ የሙዚየሞቹ በዓል ነበር። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነሐሴ መጨረሻ ለሦስት ቀን ይከበራል። የወንዙ ዳርና ዳር በሰው ይጠቀጠቃል፣ ሙዚየሞቹ እስከ ማታ ክፍት ናቸው፣ የዓለም ምግብ ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ የበርበሬ ሽታ ካፍንጫሽ የገባ እንደሆነ የኛ ሰዎች ድንኳን ሩቅ አይደለም። ተማሪዎቼን ሰብስቤ ኤድዋርት ሩፔል ስለሚባል ሰው ነገርኳቸው። የዚህ ከተማ ልጅ ነው፣ በ1794 የተወለደ። በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ድረስ ሄዶ በ1832 እና 1833 እ.ኤ.አ. ተቀመጠ፤ ስሜንንም ወጣ። ዋሊያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀ እሱ ነው። የሰበሰባቸው እንስሳት ዜንክንበርግ ለሚባለው የተፈጥሮ ሙዚየም ገቡ፤ ያመጣቸው የግዕዝ ብራናዎች ደግሞ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ተሰጥተው በ1897 ዝርዝራቸው ታትሟል። ተማሪዎቼ ከዚህ ከተማ የተነሣ ሰው የኔን ከተማ እንደሚያውቅ ሰምተው ተገረሙ። እኔ ግን ብራናዎቹን ሳስብ ሁለት ስሜት ይይዘኛል። ተጠብቀው መኖራቸው ደስ ይለኛል፤ የተጻፉበት አገር ደብተራ ገልጦ ሊዘምርባቸው አለመቻሉ ደግሞ ያሳዝነኛል። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ነርሷ «ታዲያ አንተ አንብብልን» አለችኝ። ግዕዙን እንዳቅሜ ነው የማነበው፤ መምህር ሆኜ የምሄድበት ሌላ ቀን ሊኖር ነው ማለት ነው።

እንግዲህ እታለም፣ ብቻዬን አይደለሁም። ናፍቆቱ አለ፤ አልዋሽሽም። የአንቺን ድምፅ ሳልሰማ ያለፈ በዓል ጎዶሎ ነው። ግን እህል አልዋጥ እንዲልሽ የሚያደርግ ነገር የለም። በሚቀጥለው ቡሄ ደግሞ ያንቺን ሙልሙል ነው ማስጋገር የምፈልገው። የዳቦ ቤቷ ሴት ሊጡ ስንት ሰዓት እንደሚያድር፣ ከጥቁር አዝሙድ ሌላ ምን እንደምትጨምሪበት ጠይቅልኝ ብላኛለች። በድምፅ ቀርጸሽ ላኪልኝ፤ እየተረጎምኩ እነግራታለሁ። ሰው ሲመጣም የሰፈር ልጆች የሚገምዱትን የልጥ ጅራፍ ላኪልን። አየር መንገዳችን እንደሆነ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚህ ከተማ ይበራል፤ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ስልክ ላይ ያልነገርኩሽ። ለመጪው በጋ አንቺን ለማስመጣት ወረቀቱን ጀምሬያለሁ። ለቪዛው የዋስትና ደብዳቤ እዚህ ካለው መሥሪያ ቤት አወጣለሁ፤ ቀጠሮ ይዣለሁ። የትራም ሹፌሩ ሰምቶ «እህትህ ስትመጣ ኬርብ ላይ አበባውን የሚጎነጉኑት ሴቶች ዘንድ ቦታ ይያዝላታል» ብሏል። ጉልበትሽን ስለሚያምሽ አግዳሚ አያሸክሙሽም፤ ቁጭ ብለሽ ትጎነጉኛለሽ። ፓስፖርትሽ ጊዜው አልፎ እንደሆነ መስቀል ሳይደርስ ሄደሽ አሳድሺ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍም ተነሺ።

ለልጆቹ ሁሉ፣ ለጎረቤቶቻችንና ለንስሐ አባታችን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ።

የሚወድሽ ወንድምሽ